ወደ ተራራው ያዘነበለ ሜዳ

ጉልበቴን የበላው ሳር ነው፤ ያውም ከብት የማይበላው ሳር። በመቐለ ዙሪያ ባሉት ዳገቶች፣ በጋ ላይ ፍየል እንኳ ተስፋ ቆርጣ በምትመለስበት መሬት፣ ለባለ ገንዘብ ግቢ አረንጓዴ ሜዳ ሳነጥፍ ስንት ዓመት ተንበርክኬ ኖርኩ። ከወሎ ስመጣ የቀን ሠራተኛ ነበርኩ። ድንጋይ ተሸከምኩ፣ ሲሚንቶ አቦካሁ፣ ኋላ ሴራሚክ መደርደር ለመድኩ። ከዚያ አንድ ሆቴል ከአዲስ አበባ ባለሙያዎች አስመጥቶ ትንሽ የኳስ ሜዳ ሲያሠራ ረዳት ሆኜ ገባሁና ሙያው እጄ ላይ ቀረ። ባለሙያዎቹ አገራቸው ገቡ፤ እኔ «የሳሩ ሰውዬ» ተብዬ ቀረሁ። ሮማናት አደባባይ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ስልኬ ይጮኻል። «የሳሩ ሰውዬ ነህ?» ይሉኛል። ነኝ እላለሁ፤ ምን ልበል።

ሥራው ለማያውቀው ምንጣፍ ዘርግቶ መሄድ ይመስላል። ኧረ ወዲያ። ሳሩማ የመጨረሻው ነው። መጀመሪያ ዳገቱን ትቆርጣለህ፣ የቆረጥከውን አፈር ወደ ታች ትሞላለህ፣ የሞላኸው ተንዶ እንዳይሄድ ከታች በኩል የድንጋይ ግንብ ታቆማለህ። በላዩ ገረጋንቲ፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ ደቃቅ ጠጠር፣ በየመሐሉ መጠቅጠቅ። ሜዳው ዓይን ሳያየው ወደ ውጪ፣ ወደ ግንቡ፣ ትንሽ ዘንበል ይላል። ዝናቡ በሳሩ አልፎ፣ በጠጠሩ ሾልኮ፣ በግንቡ ውስጥ በተቀበሩ ቱቦዎች ወደ ውጪ ይፈሳል። ይሄ ሁሉ ካለቀ ወዲያ ነው የፕላስቲክ ሳሩ ጥቅል የሚዘረጋው፣ መጋጠሚያው በኮላ የሚያያዘው፣ አሸዋው የሚበተነው። ሁሉም ተንበርክኮ ነው። ማታ ለሶላት ስነሳና ስቀመጥ ጉልበቴ ሲንቋቋ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ሰምቶ «ምን ሰበርክ?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

እንግዲህ የምነግራችሁ ስለ አንዱ ሜዳ ነው። ሌሎቹን ረስቻቸዋለሁ፤ እሱን ግን ብረሳው ደስ ባለኝ።

ቤቱ በቃላሚኖ በኩል ዳገት ላይ ነበር። ባለቤቱ የመኪና መለዋወጫ ዕቃ የሚነግድ፣ ልጆቹን የሚወድ ሰው ነው። ልጆቹ መንገድ ላይ ኳስ ሲጫወቱ መኪና ሊገጫቸው ስለነበር ግቢው ውስጥ ሜዳ ይሠራላቸው አለ። ግቢው ግን ተዳፋት ነው። ሜዳውን ለማስተኛት ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ግንብ ማቆም ግድ ሆነ። ከግንቡ ሥር፣ ጥቂት እርምጃ ብቻ ርቆ፣ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን የሚኖሩባት የድንጋይ ቤት አለች። «ኣደይ» እላቸው ነበር፤ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። እሳቸውም «ወደይ»፣ ልጄ፣ ይሉኛል።

መሠረቱ የተቆፈረ ዕለት ኣደይ በትራቸውን ይዘው መጡ። ጉድጓዱን አዩ፣ የተከመረውን ድንጋይ አዩ፣ ከዚያ ከሰው ሁሉ እኔን መርጠው ጠሩኝ።

«ወደይ፣ ይሄ ግንብ ወደኔ አይመጣም?»

«አይመጣም ኣደይ።»

«ያለችኝ ይህቺ ቤት ናት። ልጅ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ። እሷ ከሄደች የምገባበት የለኝም።»

«እኔ አለሁ ኣደይ፤ በእኔ ይሁን» አልኳቸው። ማን በል አለኝ? ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቅንቀው፣ እንደ ተረጋጋ ሰው ወደ ቤታቸው ወረዱ።

ግንቡን የሠራው በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል የሚበልጠኝ ግንበኛ ነው። ከከተማው ወጣ ካለ ገጠር ነው የመጣው፤ አብረውት የሚሠሩትም አራት ያገሩ ሰዎች ናቸው። «አያ» እለዋለሁ፤ በሱም አገር በእኔም አገር ታላቅ ወንድም እንዲሁ ነው የሚጠራው። እጁ ድንጋይ ሲይዝ ድንጋዩ ራሱ የሚገባበትን የሚያውቅ ይመስላል። ይሄን ጥበብ ያገኘው ከተማ ውስጥ አይደለም። ባገሩ በየዓመቱ በጋ ላይ ሕዝቡ ወጥቶ፣ ያለ ክፍያ፣ ለተወሰኑ ቀናት ተራራውን እርከን ይሠራል። አያ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ አንድ በጋ አልቀረም። ሲያወራ ስለ ቤት አያወራም፣ ስለ እርከን ነው። «ሓወይ፣ ውሃ ከመሬትህ አምልጦ ሲሄድ ዝም ብለህ ካየህ አንተ ገበሬ አይደለህም» ይለኛል፤ ሓወይ በነሱ ቋንቋ ወንድሜ ነው። እኔ ምኑን ሰማሁት። ድካም ጆሮም ይደፍናል።

ረመዳን ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ምራቅ እንኳ የለም። አንድ ጁምዓ ቀን፣ ገረጋንቲው ሊደለደል ሲል፣ የውሃ ልኩን በቱቦ ያዝኩ፣ ችካል ቸከልኩ፣ ሲባጎውን ከተራራው ወደ ግንቡ ዘንበል አድርጌ ወጠርኩ። በግንቡ ውስጥ የሚቀበሩትን ቱቦዎችም ልካቸውን ቆርጬ አጠገቡ ደረደርኩ። «አያ፣ ሁሉን አሰናድቻለሁ፤ እንደ ገመዱ ነው» ብዬ ወደ መስጊድ ሄድኩ። ከሶላት ስመለስ ሰዎቹ እየደለደሉ ናቸው፣ መጠቅጠቂያው ያጓራል፣ ሲባጎው እንደ ተወጠረ ነው። ጥላ ፈልጌ ተቀመጥኩ። በማግሥቱም፣ በሌላውም ቀን፣ ልኩን ዳግመኛ አልያዝኩም። መያዝ የኔ ሥራ ነበር። ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ዓይኔ ይጨልም ስለነበር ተውኩት፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

የአያ ሰዎች ድርሻቸውን ጨርሰው አገራቸው ገቡ። እኔና ሁለት ሠራተኞች ጥቅሎቹን ዘረጋን፣ ቆረጥን፣ አጣበቅን፣ አሸዋውን በተንን። ረመዳን ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ሜዳው አለቀ። ባለቤቱ በደስታ የሚያደርገውን አጣ፤ ጫማውን አውልቆ በካልሲ ሳሩ ላይ ተንጎማለለ። ልጆቹ ኳስ ይዘው መጡና መሐል ሜዳ አስቀምጠው የጫማቸውን ክር ሊያስሩ ጎንበስ አሉ። ኳሷ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ ተነቃንቃ መሄድ ጀመረች። ወደ ግንቡ ብትሄድ ደግ ነበር፤ እሷ ግን ወደ ተራራው ሄደች።

ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን ዕቃዬን የምሰበስብ መስዬ የውሃ ልኩን ቱቦ አውጥቼ ሜዳውን ለካሁ። ሜዳው ሙሉ በሙሉ ወደ ተራራው ነው ያዘነበለው። ወደ ግንቡ ሄጄ ቁልቁል አየሁ። ግንቡ እንደ መስታወት የተስተካከለ ነው፤ አንድም የቱቦ አፍ የለውም። የቆረጥኳቸውን ቱቦዎች አንድም ሳይጎድሉ፣ በወግ ተደርድረው፣ ሸራ ሥር አገኘኋቸው።

ያኔ ሁሉም ገባኝ። እነዚህ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ውሃ እንዳያመልጥ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። እርከን ወደ ተራራው ነው የሚያዘነብለው፤ ዝናቡ ውስጥ ገብቶ እንዲቀር፣ አፈሩን ይዞ እንዳይሄድ። የኔን ሲባጎ ሲያዩ ውሃ ወደ ገደል የሚያፈስ፣ ያበደ ገመድ ነው የታያቸው። አዙረው አስረውታል። አንድ ቃል ግን አልነገሩኝም።

ምን መደረግ እንዳለበት አውቅ ነበር። ሳሩ መነሳት አልነበረበትም፤ ግንቡን ከታች ቢበሱትና ቱቦ ቢያስገቡበት ለጊዜው ይበቃል። የሁለት ቀን ሥራ ነው፣ ቢከፋ የሦስት። የደሴ አውቶቡስ ትኬቴ ግን ኪሴ ውስጥ ነው፣ ለነገ ጠዋት። ልጆቼን ካየሁ ዓመት አልፏል። ጉልበቴ አብጦ ሱሪዬን ሞልቶታል። የመቐለ ዝናብ ደግሞ ምን ያህል ነው፣ አልኩ ለራሴ። ከኢድ ስመለስ እበሳዋለሁ፣ አልኩ። ባለቤቱን «አላህ በረካ ያድርግልህ፣ ልጆችህ ይጫወቱበት» ብዬ ወጣሁ።

በር ላይ ኣደይ አገኙኝ። «አለቀ ወደይ?»

«አለቀ ኣደይ።»

«ግንቡስ?»

«ግንቡማ አለት ነው» አልኩ።

ይባርክህ አሉኝ። ፆመኛ አፍ እንዲህ ይዋሻል እንዴ? ዋሸሁ። ዓይናቸውን ሳላይ ነበር ያለፍኩት።

ኢድን ከልጆቼ ጋር ዋልኩ። እውነቱን ልናገር፣ ግንቡ ትዝ አላለኝም። ተመልሼም ወዲያው አልሄድኩም፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አጠገብ ሴራሚክ የሚደረደርበት ሕንፃ ጠርቶኝ እዚያ ገባሁ። ሰኔ ጠብ ጠብ እያለ አለፈ። አየህ፣ ምንም የለም፣ እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ መስማት ግን ምን ያደርጋል። ሐምሌ ሲገባ ሰማዩ ተቀደደ። ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ አባራ፣ እኔም የሳር መቦረሻ መጥረጊያ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ሄድኩ። ለዘበኛው «ሳሩን ልቦርሸው ነው» አልኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሜዳው ላይ ስረግጥ ከሥሬ ጭቅ ጭቅ አለ። በተራራው በኩል ውሃው ኩሬ ሠርቶ ሳሩን አንሳፍፎታል። የቀረው ሁሉ ገረጋንቲው ውስጥ ገብቷል፤ መውጫ ስለሌለው ከግንቡ ጀርባ ታቁሯል። ወደ ታች ወርጄ ግንቡን አየሁት። ድንጋዩ አልቦታል፣ ወገቡ ላይ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ገፍቷል። እጄን ዘርግቼ ሳልነካው መለስኩ።

የኣደይን በር አንኳኳሁና ገባሁ። ቤቷ አንድ ክፍል ናት። አልጋቸው በግንቡ በኩል ካለው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ቆሟል። እዚያ አልነበረም፤ ግንቡ ሲሠራ ያየሁት ጊዜ በማዶኛው ግድግዳ በኩል ነበር።

«አልጋው ምነው እዚህ መጣ ኣደይ?»

«ጣራው በዚያ በኩል ያፈሳል ወደይ። በዚህ በኩል ደግሞ ግንቡ አለት ነው ካልከኝ፣ ነፋሱንም ይከልልልኛል ብዬ ወደዚህ አዞርኩት። በክረምት ተመቸኝ።»

ሰው እንዲህ ሲያምንህ ደስ ሊልህ ይገባል። እኔ ግን እውነቱን አልነገርኳቸውም። «ግንቡን ትንሽ ልንነካካው ነውና ድንጋይ ይወረወራል፤ ለዛሬ ይውጡልኝ» ብቻ አልኳቸው። አልወጣም አሉ፣ ወጥ እሳት ላይ ነው አሉ። ለመንኳቸው፣ በመጨረሻ ጮህኩባቸው። ጎረቤቶች መጥተው አልጋውን፣ ሳጥኑን፣ ወጡን ከነድስቱ ተሸክመው ወሰዱላቸው። እሳቸው እያጉረመረሙ ማዶ ባለ ጎረቤት በረንዳ ላይ ተቀመጡ።

አያን ስልክ ደወልኩለት። እንደ ዕድል ሆኖ ለሥራ ከተማ ነበር፤ በባጃጅ ደረሰ። ግንቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው። ከዚያ በዚያ ሐ እና ዐ ከጉሮሮው በሚወጡበት አማርኛው እንዲህ አለኝ፦

«ገመዱን ያዞርኩት እኔ ነኝ ሓወይ። ያን ቀን ፆም አድክሞሃል፣ ዓይንህ ጉድጓድ ገብቷል። ተሳስቶ ነው ያሰረው አልኩ። በሰዎቹ ፊት ተሳሳትክ ብልህ ታፍራለህ። ከመስጊድ ሳትመለስ ዝም ብለን አስተካከልንልህ። ቱቦውንም ግንብ ተበስቶ ግንብ አይሆንም ብዬ ተውኩት።»

እንዲህ ያለ ደግነት ምን ይባላል? መሮና መዶሻ ይዘን ከግንቡ ጫፍ፣ ከታች በኩል መብሳት ጀመርን። አያ በገዛ ግንቡ ላይ መዶሻ ሲያሳርፍ ፊቱን አየሁት፤ የሰው ልጅ የሚመታ ነበር የሚመስለው። ሁለተኛውን ቀዳዳ ስንከፍት ቀይ ውሃ ተወርውሮ ወጣ፣ ደረታችንን መታን። ሦስተኛውን ከፈትን። ግፊቱ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ መጣ፤ እፎይ ልንል ነበር። ግን የዘገየ ነገር ነው። ያበጠው ወገብ ድንገት ጓ አለና ተዘረገፈ። እኔና አያ ወደ ጎን ዘለልን። ድንጋዩ የኣደይን ጓሮ አልፎ የቤታቸውን ጥግ ይዞ ገባ። አቧራ እንኳ አልተነሳም፤ ሁሉም እርጥብ ነበር። ጣራው ሲያዘነብል፣ አልጋው የነበረበት ቦታ በድንጋይ ሲሞላ፣ በተከፈተው ግድግዳ በኩል አየነው።

ሰፈሩ ተሰበሰበ። ባለቤቱም ከሱቁ በርሮ መጣ፤ የተቀደደውን ሜዳውን ሳይሆን መጀመሪያ የኣደይን ቤት ነበር ያየው፤ ለዚህ ነው ጥሩ ሰው ነው የምለው። «ማነው ይሄን ግንብ የሠራ?» አለ። አያ ወደ ፊት ወጣ። «እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ይሄ ሰው ገመዱን በትክክል ነው ያሰረልኝ፣ እኔ ነኝ ያዞርኩት» አለ። ሰው ሁሉ ባንድ አፍ ጮኸበት። ሰው ልትገድል ነበር አሉት። እሱ ራሱን ደፍቶ ቆመ።

ኣደይ በትራቸውን ተደግፈው መጡ። የፈረሰውን ቤታቸውን አንዴ አይተው ወደኔ ዞሩ። ትከሻዬን ይዘው ለሰው ሁሉ፣ «ይሄ ልጄ ባይደርስልኝ ኖሮ እኔ እዚያ ሥር ነበርኩ። እየለመነ፣ እየጮኸ ነው ያወጣኝ። እግዚአብሔር ነው የላከው» አሉ። ሰውም ይባርክህ፣ ይባርክህ አለኝ። አንዱ እጄን ጨበጠኝ።

አያ ቀና ብሎ አላየኝም። እኔ ዝም ብል ነገሩ እዚያ ያበቃ ነበር። እሱ ጥፋተኛ፣ እኔ አዳኝ። ወላሂ ለአፍታ ያህል ፈልጌዋለሁ። ደክሞኝ ነበር፣ አንድ ሰው ደግ ነገር ሲለኝም ደስ ብሎኝ ነበር። የኣደይ እጅ ግን ትከሻዬ ላይ ከበደኝ።

«ኣደይ» አልኩ፣ «አውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«ግንቡ እንደማይችል። ሳሩ ያለቀ ቀን አይቻለሁ። አለት ነው ስልዎት አውቅ ነበር።»

ኣደይ ያልሰሙ መስለው ጆሯቸውን አስጠጉ። ደግሜ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ለምን ሳትነግረኝ ሄድክ?»

ትኬቱን ልናገር፣ ልጆቼን ልናገር ፈለግኩ። ሁሉም እዚያ ድንጋይ ፊት ሲቆም ትንሽ ሆነብኝ።

«ደክሞኝ ነበር» አልኩ።

እጃቸውን ከትከሻዬ አነሱ።

በማግሥቱ ጠዋት አያ ሰዎቹን ይዞ መጣ። ባለቤቱ ሲሚንቶ አስመጣ። መጀመሪያ የኣደይ ቤት ይሠራል፣ ሜዳው ይቆያል አለ። እኔም የሥራ ልብሴን ለብሼ ቀድሜ ደርሼ ድንጋይ መልቀም ጀመርኩ። ኣደይ ከማዶ በረንዳ ላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩና ተነስተው መጡ። አያን «አንተ ሥራልኝ፤ ጥጉን ወፈር አድርገው» አሉት። እሱም እሺ ኣደይ አላቸው።

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ደስ ባለኝ። የያዝኩትን ድንጋይ ከእጄ ተቀብለው መሬት ላይ አስቀመጡት።

«አንተ ሂድ ወደይ» አሉኝ። «ደክሞሃል።»